የጥቁሩ ጉብታ ጓይ

ከግሼ ራቤል ወጥቶ የገደሉን አፋፍ ይዞ የተጓዘ ሰው ዋሻ አፋፍ የምትባል መንደር ይደርሳል። እዚያ ደርሶ «የአገሩን ግትር አሳዩኝ» ቢል ሕፃን አዋቂው ጣቱን የሚቀስረው ወደ አንድ ቤት ነው፤ ወደ አባይነህ ቤት። አባይነህም ይህን ያውቃል፤ ደስ ሳይለውም አይቀርም። አንድ ጊዜ በሬው ከእርሻ ሲመለስ ወንዝ አልሻገርም ብሎ ተኛበት። አባይነህ አልመታውም፣ አልለመነውም፤ በርኖሱን ተከናንቦ ከአጠገቡ ተቀመጠና እስኪመሽ ጠበቀው። ከሁለቱ ማን እንዳሸነፈ ዛሬም ድረስ ጠላ ቤት ያከራክራል።

ስለ ግትርነቱ ብቻ ማውራት ግን ሰውየውን መበደል ነው። አባይነህ አደራ የሚከብደው ሰው ነው። አባቱ ሊሞቱ ሲሉ አስጠርተውት አንድ ነገር ብቻ ነገሩት። በጎቹን አላነሡም፣ ቤቱን አላነሡም። «ያቺን የታችኛዋን ማሳ ጦሟን እንዳታሳድራት» አሉት። በዚያ አገር ሳይዘራ የከረመ መሬት ጦሙን አደረ ነው የሚባለው። የታችኛዋ ማሳ ሰፊ አልነበረችም፤ አፈሯ ግን ጥልቅ ነው፤ ውርጭ አይደፍራትም፣ ገብሷም ከሌላው ቀድሞ ያሸታል። አባይነህ «እሺ አባባ» አለ። አባትየው በማግስቱ አረፉ፤ እሺታው ግን ከአባይነህ ጋር ቀረ።

ለብዙ ዓመታት ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ ከገደሉ ወገብ ላይ የድንጋይ ከሰል ተገኘና ድርጅት መጣ፤ መንገድ ተጠረገ፤ መኪና እንደ ልብ የማይደርስባት መንደር ቀኑን ሙሉ ገልባጭ የሚያጓራባት ሆነች። የከሰል ማውጫ አይቶ የማያውቅ ሰው ከመሬት የወጣው ሁሉ ተጭኖ የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። ከሰሉ የሚገኘው ከማይረባ ጥቁር ድንጋይና ከአመድማ አፈር ጋር ተጣብቆ ነው፤ የማይረባው ደግሞ ከሚረባው ይበዛል። ያ ሁሉ የሚደፋበት ቦታ ይፈልጋል። ለመድፊያ የተመረጠው ሜዳ የጥቂት ገበሬዎች ማሳ ነበር፤ ከግርጌው፣ ከማዕዘኑ ላይ፣ የአባይነህ የታችኛዋ ማሳ አለች።

ምትክ መሬት ተሰጠው፣ ካሳም ተከፈለው። ደኅና አድርገው ነው የያዙት፤ ይህን እሱም አይክድም። ምትኳ ግን ድንጋይ የበዛባት፣ ውርጭ የማይለያት ጭንጫ ናት። በእሷ ላይ ዘር በበተነ ቁጥር ትዝ የምትለው ያችኛዋ ናት። ይባስ ብሎ ድርጅቱ ለመድፊያው ዘበኛ ሲፈልግ አባይነህን ቀጠረው። ሚስቱ ጥሩሸዋ ይህን የሰማች ጊዜ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«አባትህ ማሳዬን አደራ ሲሉህ እንዲህ ቆመህ ጠብቃት ማለታቸው ነበር?» አለችው።

አባይነህ በማግስቱ በርኖሱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ ከመድፊያው ሥር ቆመ። መንደሩ ቦታውን «ጥቁሩ ጉብታ» ብሎ ሰይሞታል። ጉብታው ከዓመት ዓመት እየወፈረ የሌሎቹን ማሳዎች አንድ በአንድ ዋጠ። መኪኖቹ የሚደፉት ግን ከላይ ስለነበር የማዕዘኗ ማሳ ሳትነካ ቆየች። አረም ወርሷታል እንጂ አለች። አባይነህ ከዘበኝነት ሁሉ የሚጠብቀው እሷን ነበር።

በአንድ ክረምት ወገቡን ያዘውና ጸበል ገባ። ለመስቀል ሲመለስ ማዕዘኗን ከፍ ብላ፣ ቡናማ አፈር ለብሳ አገኛት። ጉብታውን ለማልበስ ያከማቹት አፈር ይሆናል አለ ለራሱ። ማንንም አልጠየቀም። ቢጠይቅ የሚነገረውን ስለፈራ ነው ያልጠየቀው፤ ሰው ደግሞ የፈራውን ነገር ሳይጠይቅ ብዙ ዘመን መኖር ይችላል።

ከሰሉ ሲያልቅ ድርጅቱ ከመውጣቱ በፊት ጉብታውን እንዲያክም ግዴታ ነበረበት። ይህን ሥራ እንድትመራ ማዕረግ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ከደብረ ብርሃን መጣች። እሷ ከመጣች በኋላ ዶዘሩ ቀጥ ብሎ የቆመውን የጉብታ ጎን አስተኝቶ እርከን አወጣለት። ላዩ ላይ ሸክላ አፈር ተነጠፈና በሮለር ተጠቀጠቀ፤ ከሸክላው በላይ የእርሻ አፈር ለበሰ። ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ የኖራ ድንጋይ ተደረደረበት። ኖራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጉብታው የሚወርደው ዝናብ የታችኛውን ምንጭ የዛገ ብረት አስመስሎት፣ በጎች እንኳ አሽትተው የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። ሽፋኑና ቦዩ ከተሠሩ በኋላ ምንጩ ጠራ፤ እንስራ ይዞ ሩቅ መሄድ ቀረ።

የመጨረሻው ሥራ ጓሳ መትከል ነበር። ጓሳ የመንዝና የግሼ ሰው ጣራ የሚከድንበት፣ ገመድ የሚገምድበት ሣር ነው፤ ሥሩ አፈር ከያዘ አይለቅም። ሸዋረጋ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ምላሰኛ የመንደሩ ሴት ካቦ ሆነች። ሴቶቹን አስከትላ ከደጋው የጓሳ ሜዳ ግንጣይ በጀርባ እያስመጣች ጉብታውን ከአናቱ እስከ እግሩ አስተከለችው፤ ቀድማ አፈር የለበሰችው ማዕዘን ብቻ ሳይተከልባት ቀረች። የግሼ ብርድ መቼም ይታወቃል። ጠዋት ጠዋት እጃቸው አልታዘዝ ሲላቸው ጭራሮ ሰብስበው ሊሞቁ ይሞክራሉ፤ አባይነህ ከየት መጣ ሳይባል ይደርስና በዱላው ጭራሮውን ይበትነዋል።

«እጃችን ይቆረጥ?» ትለዋለች ሸዋረጋ።

«ሂዱና ከጉብታው ወዲያ ሙቁ! እዚህ እሳት የለም ብያለሁ!»

ይህን ያስተማረችው ማዕረግ ናት። ከሽፋኑ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ የከሰል ፍርፋሪ እንዳዘለ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውስጥ ለውስጥ ለዓመታት ይጤሳል፤ ሲጤስ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ዝናብ ይገባና ያ የዛገ ውሃ እንደገና ምንጩ ላይ ይወርዳል። «ጋሼ አባይነህ፣ አንዳንዱ ማንም ሳይለኩሰው ራሱን ያነድዳል» ትለው ነበር። «እኛ ደግሞ እንዳናግዘው።» አባይነህ ምክሯን የተቀበለው እንደ ቃለ ቅዳሴ ነው። ሲጃራ የያዘ ሾፌር ካየ ከሩቅ ይጮኻል፤ አንዴማ የመጣበትን ጎብኚ ኃላፊ ሲጃራውን አስጥሎ በእግሩ አስረግጦታል።

ድርጅቱ ሲወጣ ጉብታው ለመንደሩ ተመለሰ። የደብሩ ካህን ቄስ ገብረ አማኑኤል ባሉበት በተደረገው ስብሰባ ጉብታው ክልክል ሆነ፤ አይታረስም፣ ከብት አይገባበትም፣ እሳት አይነድበትም። ሣሩ ሲጠና ክልክሉ ይከፈትና ሁሉም ቤት ድርሻውን ያጭዳል። ለዚያ አገር ሰው ክልክል እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጓሳን እየዘጋ እየከፈተ የኖረ ነው። ዘበኝነቱንም መንደሩ ለአባይነህ ተወለት። እሱም እጁን አውጥቶ እሺ አለ። እሺ ሲል ግን በልቡ ማዕዘኗን ከጉብታው ቀንሶ ነበር። እሷ ጉብታ አይደለችም፤ የአባቱ ማሳ ናት።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዐቢይ ጾም፣ ዓለም ከተማ ያገባችው ልጃቸው ወለደችና ጥሩሸዋ አራሷን ልትንከባከብ ሄደች። አባይነህ ቤቱ ጭር ሲልበት ያ የአባቱ ቃል ጎላ ብሎ ይሰማው ጀመር። ስንት ዘመን ጦሟን አደረች? እሱስ ስንት ዘመን ሊኖር ነው? አንድ ቀን ዶማ ይዞ ወረደና ማዕዘኗን እስከ ጉልበቱ ድረስ ቆፈረ። ቡናማ አፈር ነው፤ ጥቁር ነገር የለውም። እዚህ አልደፉም ማለት ነው አለ። ከዚያ በታች አልቆፈረም። ልቡ የፈለገውን አግኝቷልና ዶማውን አስቀመጠ።

ማዕዘኗ በገደሉ በኩል ስለሆነች ከመንደር አትታይም፤ ከዘበኛው በቀር ወደዚያ የሚሄድ የለም። ሰው ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን በሚውልበት ሰዓት በሬዎቹን ጠምዶ አረሳት። አፈሩ ግን ደክሟል፤ ለዘመናት ሳይታረስ በመቆየቱ ደርቋል። መሬት ሲደክም የዚያ አገር ገበሬ የሚያውቀው መድኃኒት ጓይ ነው። የታረሰውን አፈር ከነሥራሥሩ ሰብስቦ ትንንሽ ክምር ያደርገዋል፤ ከመሐሉ ኩበት ይቀብርና ይለኩሰዋል። ነበልባል የለውም። አፈሩ ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ ሰንብቶ ቀይ ሆኖ ይበርዳል፤ ያ ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። የዚያ ዓመት ገብስ ሌላ ነው። መጋቢት ላይ ቀና ብሎ ያየ ሰው ከየተረተሩ የጓይ ጭስ ሲነሣ ያያል፤ እሳት ተነሣ ብሎ የሚጮህ ግን የለም።

የአባይነህ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ለእሱ ጓይ እሳት አይደለም። እሳት የሚሞቁት፣ የሚያበስሉበት፣ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው። ጓይ እርሻ ነው፤ እንደ ማረስ፣ እንደ ማረም ያለ። ማዕረግም ስለ ሲጃራውና ስለ ምድጃው ስትዘረዝር ስለ ጓይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ የከተማ ልጅ ናት፣ ከየት ታውቀዋለች። ስለዚህ ያ ጭራሮ በታኝ ሰው ኩበት በጆንያ ተሸክሞ ወረደ። የክምሮቹን ሆድ አንድ በአንድ እየለኮሰ በስመ አብ አለ። ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ሲነሣ ቁጭ ብሎ አየው፤ ደስታው ልጅ አደረገው።

ጥቂት ቀን ሰንብቶ ክምሮቹ እንደ ወጉ በረዱ። አንዱን በእጁ አፍርሶ ቀዩን አፈር አሸተተው። ወደ ጉብታው የተጠጋው ክምር ብቻ አልበርድ አለ። ጭሱም ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ መሰለ፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ይህን ሽታ አባይነህ ያውቀዋል፤ ገልባጮቹ ትኩስ ድንጋይ ይዘው በሚመጡበት ዘመን የሚሸት ነበር። ከምንጩ በጀሪካን ውሃ አምጥቶ ቢደፋበት መሬቱ ፉጨት አሰማና ትኩስ እንፋሎት ተፍቶ ክንዱን ላጠው።

ጥሩሸዋ ከዓለም ከተማ የገባችው በዚያው ቀን ነው። አውቶቡስ ሲያንገላታት ውላ ቤት ብትደርስ ባሏ የለም፤ ፍለጋ ወረደች። ማዕዘኗን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አንተ ሰው፣ እዚህ ጓይ አነደድክ?»

«ማሳዬ አይደለች? ጥቁሩ የተደፋው ከላይ ነው። ቆሜ አይቻለሁ።»

«እዚህማ ደፍተውበታል እኮ! ጸበል የገባህ ክረምት፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናው አልወጣ ሲል ከግርጌ እየደፉ ሄዱ። አፈር አልብሰውት ነው!»

አባይነህ ቆሞ አያት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከሕመም ተነሥተህ ስትመጣ በምን አፌ ልንገርህ?» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ዛሬ ነገ ስል አለፈ። አንተም አልጠየቅከኝ።»

አንዱ ሳይጠይቅ፣ ሌላዋ ሳትናገር የኖሩበት ነገር ከእግራቸው ሥር ይጤሳል። ከዚያ አባይነህ በድንጋጤ ያደረገው ነገር አያስመሰግነውም። የቀሩትን ክምሮች በትኖ ደለደላቸው፣ በላያቸው አፈር መለሰ፣ እርሻውን አስተካከለ። የሚጤሰውንም አፈር እየጫነ ረገጠው። ጭሱ ጠፋ። ጠፋ ማለት ግን ሌላ መውጫ ፈለገ ማለት ነው።

መውጫውን በማግስቱ ያገኘችው ሸዋረጋ ናት። ከመጀመሪያው እርከን ላይ ጓሳው ሥሩ ተቀቅሎ ቢጫ ሆኗል፤ መሬቱ ተሰንጥቆ ጭስ ይተነፍሳል። እሪ አለች። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ለማዕረግ ተደወለላት፤ አሁን ሌላ ቦታ ብትሠራም የሰማች ዕለት ተነሥታ መጣች። ረጅም የሙቀት መለኪያ ብረት ይዛ ጉብታው ላይ ወጣች ወረደች፤ መሬቱን እየወጋች ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ማንም እሳት አላነደደም?» ብላ ጠየቀች።

«ማን ያነድዳል! ጋሽ አባይነህ ባሉበት?» አለች ሸዋረጋ።

አባይነህ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው ራሱን ነው ያነደደው» አለች ማዕረግ። «እንዲህ ሲሆን እሳቱ የሚነሣው ከሆዱ ነው። ጉብታውን ከመሐል ከፍለን ቦይ ካልቆፈርንለት ሁሉንም ይበላዋል። በልግ ሳይዘንብ ነው ማለቅ ያለበት። አቅራቢያ ካለው የመንገድ ሥራ ሎደር እንለምናለን።»

ኖራ በጣሳ ይዛ ቦዩ የሚያልፍበትን መስመር ማስመር ጀመረች። ነጩ መስመር ሥር በሰደደው ጓሳ መሐል፣ ሴቶቹ በእጃቸው በተከሉት ላይ እየተጋደመ ሄደ። ያቺ ምላሰኛ ሸዋረጋ ከመስመሩ አጠገብ ሣሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና የጓሳውን ጫፍ በጣቷ ትዳብስ ጀመር።

አባይነህ ይህን እያየ ነው። ማምለጫው ተሰጥቶታል፤ አፉን ከዘጋ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ ድንጋይ ራሱን አነደደ ተብሎ ያልፋል። በዚያ መንደር ክልክል አፈረሰ መባል ቀላል ነገር አይደለም፤ እስከ ልጅ ልጅ ስም ሆኖ ይቀራል። ጥሩሸዋ ከሕዝቡ መሐል ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። አልጠቀሰችውም፣ አልገፋችውም። ኖራው የመጀመሪያውን እርከን አልፎ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

«ልጄ፣ አቁሚ» አለ። «ራሱን አላነደደም። ያነደድኩት እኔ ነኝ።»

ማዕረግ ጣሳዋን እንደያዘች ዞረች።

«ከማዕዘኗ ላይ ጓይ አነደድኩ። የአባቴ ማሳ ናት ብዬ፤ አልተደፋባትም ብዬ። እሳቱ ከሆዱ አልመጣም፤ ከታች ከእኔ ዘንድ ነው የወጣው። የሴቶቹን ሣር አትቁረጪው።»

ከዚያ ሸዋረጋ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«እጃችንን ልንሞቅ ስንል በዱላ ያባረሩን እርስዎ?» አለች። «እርስዎ?»

«አዎ እኔ» አለ አባይነህ። ከሕዝቡ ማጉረምረም ተነሣ፤ አንዳንዱም ከዚህ የከፋ ተናገረ። ቄስ ገብረ አማኑኤል እጃቸውን አነሡ።

«የሚወቀስበት ቀን ይመጣል፤ ዛሬ ግን አይደለም» አሉ። «አባይነህ፣ ሂድና የጀመረበትን ቦታ አሳያት።»

ወርዶ አሳያት። ብረቷን ሰካች፣ ወደ ጎን ሰካች፣ ወደ ላይ ሰካች። ተነሥታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ዳር ላይ ነው፣ አፈሩ ከሳሳበት፤ ጥልቅም አይደለም» አለች። «ከላይ ያለው እሳት አይደለም፤ የሙቀቱ መውጫ ብቻ ነው። ይህን ማዕዘን ብቻ ቆርጠን ብናወጣው ጉብታው ይድናል።» ከዚያ ወደ አባይነህ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ስለ ጓይ እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኩም። አገሩ ሁሉ ሲጤስ እያየሁ ነበር የማልፈው።»

ሎደሩ እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ ደቦ ወጣ። ጾሙን ያልፈታ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ተሰለፈ። ትኩሱን ጥቁር ድንጋይ እየዛቁ ሜዳ ላይ ስስ አድርገው ይበትኑታል፤ ሲበርድ ሸክላ እየቀላቀሉ ይጠቀጥቁታል። ውሃ የሚባል አይነካውም። አባይነህ ከፊት ነው፤ የተላጠ ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ያ የታመመ ወገቡ እየጠዘጠዘው። የሚያናግረው አልነበረም። ሸዋረጋ በአጠገቡ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። እንዲያ ሆኖ ግን ጎንበስ ብሎ መነሣት ባቃተው ጊዜ አካፋውን ከእጁ ነጥቃ በእሱ ቦታ የገባች እሷ ናት። ያኔም አላናገረችውም።

ሎደሩ መጥቶ የቀረውን ጥቁር ሲያወጣ፣ ከጉድጓዱ ሥር ሌላ አፈር ብቅ አለ። ጥልቅ፣ ወዛም፣ ያረጀ የገብስ ሥር የያዘ አፈር። ከዳሩ የአባቱ የወሰን ድንጋይ እንደ ቆመ አለ። አባይነህ ሎደሩን በእጁ አስቁሞ ወረደ። ያ ሁሉ ክምር ሲጫናት የኖረችው ማሳ እዚያው ናት፤ እሳቱም አልደረሰባትም። ተንበርክኮ በሁለት እጁ ዘገናት። ያለቅሳል፤ ማንም አየኝ አላየኝ አላለም።

ማዕረግ የአባቱን አደራ አታውቅም። ከላይ ሆና አፈሩን አየችና ፊቷ በራ። «የተሰነጠቀውን እርከን የምናለብስበት አፈር ከየት እናምጣ ብዬ ስጨነቅ ነበር» አለች። «ደመናው መጥቷል፤ ከሩቅ ለማጓጓዝ ጊዜ የለንም። ይኼ ይበቃል። ከሥሩ አለት ነው፤ እስከ አለቱ እናውጣው።»

አንድም ሰው አካፋ አላነሣም። ሁሉም የአባይነህን ፊት ያያል። የአባቱን ቃል መንደሩ ያውቀዋል። ያ አፈር ከወጣ ከሥሩ የሚቀረው አለት ነው፤ ገብስ እስከ ዘለዓለም አይበቅልበትም። ማዕረግም የሰውን ዝምታ ስታይ ያልገባት ነገር እንዳለ ገባት። ቄስ ገብረ አማኑኤል እንኳ ዛሬ እጃቸውን አላነሡም።

አባይነህ የዘገነውን አፈር አየው። ወደ ላይ ወደ ስንጥቁ አየ፤ ከስንጥቁ በታች ደግሞ ምንጩ አለ። አባቱ ከዚያ ምንጭ ነበር የሚጠጡት። እንደ በሬው አልሻገርም ብሎ መተኛት አማረው፤ ደግሞ የሚመታውም የሚለምነውም እንደሌለ ያውቃል። ያቺ ማሳ ላይ እንደገና አንድ ክረምት ብቻ፣ አንዲት ዘር ብቻ ቢዘራ ኖሮ እንዲህ ባልከበደው።

«ጆንያ አምጡልኝ» አለ በመጨረሻ።

ጥሩሸዋ ጆንያውን ይዛ ወረደች። እሱ ሞላው፤ እሷ አሸከመችው። ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ በሰው መሐል አልፎ፣ ስንጥቁ ላይ ገለበጠው። ሰው ሁሉ ከኋላው ተከተለ። በልጉ ሲዘንብ ጉድጓዱ ተጠርጎ እስከ አለቱ ባዶ ነበር፤ እርከኑ ግን ለብሷል፣ ምንጩም እንደ ጠራ ከረመ። ሸዋረጋ ሴቶቹን ይዛ አዲሱ አፈር ላይ ጓሳ ተከለች። አባይነህን ሽማግሌዎች ወቀሱት፤ ክልክል ባፈረሰ ላይ የሚወሰነውን ሁሉ ፈጸመ፤ ዘበኝነቱም ተወሰደበት። አልተከራከረም። ግትሩ አባይነህ ምን ነካው ተባለ።

ክልክሉ የተከፈተው ከዓመታት በኋላ፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። በዚያ ጠዋት መንደሩ ማጭዱን ስሎ ጉብታው ሥር ተሰበሰበ። ድርሻ በዕጣ ነው፤ የምታወጣው ሸዋረጋ ናት። አባይነህ ከኋላ ቆሞ ሲጠብቅ ዕጣው አለቀ፤ የእሱ ስም አልተጠራም። ይገባኛል አለ በልቡ፤ ማጭዱን ከበርኖሱ ሥር ሸጎጠና ሊመለስ ዞረ።

«ጋሽ አባይነህ!» ሸዋረጋ ናት፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን ስትጠራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ወዴት ነው? የእርስዎ እዚያ ነው፣ ከመጀመሪያው እርከን ላይ።»

«ዕጣ ሳይወጣልኝ?»

«እሷ ላይ ዕጣ አይወጣም። አፈሯ የማን እንደሆነ እዚህ የማያውቅ የለም» አለች፤ ደግሞ ምላሷ አላስችል ብሏት «ብቻ ክብሪት ካለዎት ለእኔ ያስረክቡኝና ይውጡ» ብላ ጨመረች። ሰው ሳቀ። አባይነህም ሳቀ።

ወጣ። ጥሩሸዋ ከኋላው ተከተለች፤ ከእርከኑ ሲደርስ ቆመ። በዚያች ቁራጭ ላይ የቆመው ጓሳ ከሌላው ሁሉ ይረዝማል፤ ንፋሱ ሲመጣ እንደ ደረሰ ገብስ እየተኛ ይነሣል። ተንበርክኮ የመጀመሪያውን እፍኝ በግራ እጁ ጨበጠ፤ ማጭዱን ግን ወዲያው አላሳረፈም።

«አባባ» አለ፣ ጥሩሸዋ ብቻ በምትሰማው ድምፅ። «ጦሟን አላደረችም።»

ከዚያ አጨደ።